ልጃችሁ «የነርቭ ሐኪምና ተመራማሪ ልሁን» ቢላችሁ



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ዶክተር» የሚል ነው። መልካም ምኞት ነው። ነገር ግን ሐኪምነት አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ አይደለም። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ አለ፤ ሕፃናትን የሚያክም አለ፤ ዓይን የሚያይ አለ። በዚህ ወር የምናነሣው ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ነው። እርሱም የአንጎልና የነርቭ በሽታዎችን እያከመ፣ በዚያው ላይ በሽታው ከየት እንደሚመጣ የሚያጠናው ሐኪም ተመራማሪ ነው።

«ይህ ከአመጋገብ ዓምድ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። እነዚህ ሐኪሞች አገራችን ውስጥ ያገኙት ነገር ከእያንዳንዳችሁ ማድ ቤትና መኝታ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በቤታችሁ ቢኖር፣ ወይም የጓያ ሽሮ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ፣ የእነርሱ ጥናት እናንተን ይመለከታል።

ሁለት ጥያቄ የሚጠይቅ ሐኪም

አንድ ታማሚ ፊቱ ሲቀርብ ማንኛውም ሐኪም «ይህን ሰው ምን ላድርግለት?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሐኪም ተመራማሪው ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል፤ «ይህ ሰው ለምን ታመመ? ጎረቤቱስ ለምን አልታመመም?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ሰው ያድናል። ሁለተኛው መልስ ካገኘ መንደር ሊያድን ይችላል።

ይህ አካሄድ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኩፍኝንና ፈንጣጣን ለይቶ የጻፈው አር-ራዚ፣ ታማሚዎቹን እያየ የሚመዘግብ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲናም የሚጥል በሽታን የአንጎል በሽታ አድርጎ በሕክምና መጽሐፉ አብራርቷል። መጽሐፉም በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱም ማከምን ከመመርመር አልነጠሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በቡራዩ በኩል ያላችሁ የገፈርሳን የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ታውቁታላችሁ። የአእምሮ ሐኪም የሚያየው እንደ ከባድ ድብርት፣ ከእውነታ መራቅና የመሳሰሉትን ሕመሞች ነው። የነርቭ ሐኪም የሚያየው ደግሞ ስትሮክን፣ የሚጥል በሽታን፣ የፓርኪንሰንን ሕመም፣ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰርን ጉዳት፣ የእጅና የእግር ነርቭ መጎዳትን፣ ከባድ የራስ ምታትን ነው። በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት በመሆናቸው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በአእምሮ ሕክምና ክፍል መታከሙ የተለመደ ነው። እዚያ መታከሙም ይጠቅመዋል። ይሁን እንጂ «እብድ ነው» ማለት አይደለምና ስሙን ማጥፋት አይገባም።

መንገዱ ስንት ዓመት ይፈጃል?

መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ደረጃ በደረጃ ሲያዩት ያን ያህል አያስፈራም።

አንደኛ፦ ልጁ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት ማለፍ አለበት። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ብቻ በቂ አይደሉም። ተመራማሪ ከቁጥር ጋር ይኖራልና ሒሳብ ያስፈልገዋል። ጥናቶች በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛም ሊጠነክር ይገባል።

ሁለተኛ፦ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። እንደየጊዜው ሥርዓተ ትምህርት ስድስትና ሰባት ዓመት ይወስዳል። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዛሬ ግን በክልል ከተሞችም ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አሉ። ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው ቅርብ የሆነው ቅዱስ ጳውሎስም የሕክምና ኮሌጅ አለው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመጽሐፍና በላቦራቶሪ፣ የኋለኞቹ በታማሚ አልጋ ዳር ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ያለው የኢንተርን ዓመት እንቅልፍ የሚታጣበት ነው። ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ሐኪም ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ስፔሻላይዜሽን ነው። ጠቅላላ ሐኪሙ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ተወዳድሮ ሬዚደንት ይሆናል፤ ለዓመታትም የውስጥ ደዌንና የነርቭ ሕክምናን ይማራል። ቀደም ሲል ይህን ለመማር ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የነርቭ ሐኪም እዚሁ አገር ቤት ይሠለጥናል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። አንድ የቡራዩ ልጅ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ የነርቭ ስፔሻሊስት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አራተኛ፦ የምርምር ትምህርት ነው። አንዳንዱ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ይይዛል፤ አንዳንዱ ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጅ ፒኤችዲ ይሠራል። እዚህ የሚማረው መድኃኒት ማዘዝ አይደለም። ጥያቄን በትክክል መጠየቅን፣ ናሙና መውሰድን፣ ቁጥርን ማመሳከርን፣ ከሁሉም በላይ የተጠኚውን ሰው ፈቃድና ክብር መጠበቅን ይማራል።

ሁሉም ሲደመር ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ይህን ሁሉ ዓመት የቤተሰብ ሸክም ሆኖ አይቀመጥም። ከጠቅላላ ሐኪምነት ጀምሮ ሥራና ትምህርት ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ምርምር የሚሠራበት ቦታም ሩቅ አይደለም። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ስትገቡ በዚያው አቅጣጫ የአለርት ሆስፒታል አለ። በግቢው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ተህዋስ ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። ብዙዎቻችን ሥጋ ደዌን የቆዳ በሽታ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ጣት የሚቆረጠው፣ እግር የሚቆስለው፣ ተህዋሱ ነርቭን ስለሚጎዳና ሰውየው ሕመም መስማት ስለሚያቆም ነው። ሰው እሳት ሲነካው ካልተሰማው እጁን አይሰበስብም። ሐኪም ተመራማሪዎች ይህን ስላወቁ ነው ዛሬ ሥጋ ደዌ በጊዜ ሲታወቅ አካል ሳይጎድል የሚድነው።

በዓለም ገና የሚታጠፈው መንገድ

ከሰበታ አጠገብ ዓለም ገና ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ቡታጅራ ያደርሳል። ብዙዎቻችሁ በዚያ መንገድ ለዓረፋ ዘመድ ጥየቃ ትሄዳላችሁ። የኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ምርምር ትልቁ ሥራ የተሠራውም እዚያው ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ ከስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ጥናት አካሄዱ። ታማሚው ወደ ሆስፒታል እስኪመጣ አልጠበቁም። የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣቶች በየቤቱ እየገቡ ጠየቁ፤ ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ደግሞ የነርቭ ሐኪም ራሱ ሄዶ መረመረው። በዚህ መንገድ 60,820 ሰው ታየ። ከእነዚህ 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ከሺህ ሰው አምስቱ መሆኑ ነው። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ።

ይህን ቁጥር ወደ ሰፈራችሁ አምጡት። በጁምዓ ሺህ ሰው የሚሰግድበት መስጊድ ቢሆን፣ በዚያው መጠን ከሄደ፣ ከሰጋጆቹ አምስቱ ይህ በሽታ አለባቸው ማለት ነው። ታዲያ ለምን አናያቸውም? ምክንያቱም ቤት ውስጥ ተደብቀዋል።

ከቁጥሩ የከበደው ነገር ሌላ ነው። ከተገኙት ታማሚዎች መካከል የሚገባውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። የቀሩት በቅጠላ ቅጠል፣ በጸበልና በክታብ ነበሩ። እዚያው አካባቢ ሰዎች ስለ በሽታው ያላቸው አስተያየት ሲጠየቅ ደግሞ፣ ታማሚው ሲወድቅ የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ብለው የሚያምኑት ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ልጅ እሳት ላይ ሲወድቅ የሚያነሣው ይጠፋል። ገላቸው በእሳት የተጎዳ ልጆች የሚኖሩት በዚህ ነው።

ውድ ወላጆች፣ የሚጥል በሽታ በንክኪ አይጋባም። በአረፋም አይተላለፍም። የአንጎል ሕዋሳት የኤሌክትሪክ ምልልስ ለአፍታ ሲታወክ የሚመጣ ነው። ዱዓ ማድረግ የሙእሚን ልማድ ነው፤ ሕክምናን ግን አይከለክልም፤ ሕክምናም ዱዓን አይከለክልም። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው ርካሽ መድኃኒት ብዙ ታማሚዎችን ከመውደቅ ይጠብቃል። አብዛኞቹ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን በትክክል ከወሰዱ ትምህርት ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ትዳር ይይዛሉ።

የሱሉልታው መንገድና የጓያው ነገር

በሱሉልታ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኛል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ደምቢያና ፎገራ ጓያ የሚበቅልባቸው ናቸው። ጓያ ጎበዝ ሰብል ነው፤ ውኃ በተኛበት ጥቁር መሬትም፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመትም ያፈራል። ሌላው እህል ሲጠፋ ድሃው የሚተርፈው በጓያ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ላይ ነው።

በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭን የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለ። ሰው ሌላ እህል አጥቶ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ጓያ ብቻ ሲሆን፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱ ነርቮች ይጎዳሉ። እግር ይደርቃል፤ ጉልበት ይታጠፋል፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፤ ሲብስ በሁለት ዱላ፣ ከዚያም በዳዴ ይሄዳል። ገበሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል። የተሰበረውን እግር የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። በጣም የሚያጠቃውም ቤተሰብ የሚጠብቃቸውን ወጣት ወንዶች ነው።

ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው ይህንንም በደምቢያና በፎገራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። ሕዝቡ ግን ሽባነቱን ያመጣው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት፣ ወይም በጓያ ገለባ ላይ መተኛት ነው ብሎ ያምን ነበር። እንፋሎቱን እየሸሸ ፍሬውን ይበላ ነበር ማለት ነው። ምርምር ካልተደረገ ሰው ከማይጎዳው ሸሽቶ ከሚጎዳው ጋር ይኖራል።

ከዚያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በወሎ ደላንታና ዳውንት ድርቅን ተከትሎ ከ2,000 በላይ ሰው በጓያ ተጎዳ። ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁን የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ከቤልጂየም ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቤት ለቤት ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ሁሉም ጓያ በልቷል፤ ታዲያ የታመመውና ያልታመመው እንዴት አድርገው ነው የበሉት?» አሉ። ያገኙትንም ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት የበሉት የበለጠ ተጎድተዋል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው፣ ሽንኩርትና ቅመም ባለው ወጥ የበሉት ግን ተሽሏቸዋል። ጓያ ከእህል ጋር ሲቀላቀል ጉዳቱ ይቀንሳል ማለት፣ በድርቅ ጊዜ ለችግረኛ ቤት የሚሰጥ ትንሽ እህል ከረሃብ ብቻ ሳይሆን ከሽባነትም ያድናል ማለት ነው። ዘካና ሰደቃ የምታወጡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ራሱን መልሶ የሚጠይቅ

እ.ኤ.አ. በ1995 ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው በገጠር ባደረጉት ጥናት ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ያለበት ሰው ከመቶ ሦስት ብቻ ነው ብለው አሳትመው ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በዶ/ር መሂላ ዘበኒጉሥ መሪነት በአዲስ ዘዴ በተሠራ ሰፋ ያለ ጥናት ቁጥሩ ከመቶ 17.7 ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ጥናት ላይ የፕሮፌሰር ረዳም ስም አለ። የቀድሞውን ውጤታቸውን የሚለውጥ ጥናት ላይ ራሳቸው ተሳተፉ።

ልጃችሁን ለዚህ ሥራ ስታሳድጉ ይህን ጠባይ አስተምሩት። ተመራማሪ «እኔ ያልኩት ይጽና» አይልም። ማስረጃ ሲመጣ ቃሉን ያስተካክላል።

ወላጆች ምን ታድርጉ?

ልጁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል» አትበሉት። የማታውቁት ከሆነ «ነገ መምህርህን ጠይቅና ለእኔም ንገረኝ» በሉት። ሴት ልጃችሁ ይህን ብትመኝ «አሥራ አምስት ዓመት ትማሪያለሽ? መቼ ልታገቢ ነው?» ብላችሁ አታሰናክሏት። ብዙ እናቶች ገላቸውን የምታያቸው ሴት ሐኪም ይሻሉ፤ እርሷ ካልተማረች ማን ይመጣል? የመስጊድ ጀመዓም ለጎበዝ ተማሪዎች መጽሐፍ ቢገዛ፣ ለማጥኛ አንድ ክፍል ቢያዘጋጅ፣ ከአካባቢው የወጡ ሐኪሞችን በክረምት ጋብዞ ቢያነጋግር ብዙ ወጪ የለውም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ሕዝቡ በዝቷል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ተቀላቅሏል። ከዚህ ሰፈር የወጣ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ቤት ለቤት ቢሄድ በር የሚከፈትለት ሐኪም ተመራማሪ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው የማይነገረውን ይሰማል።

ለቤታችሁ፦ ዛሬውኑ የሚጠቅም

ስለ ሚጥል በሽታ፦

• ሰው ሲወድቅ ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት አርቁት። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ወደ ጎኑ አዙሩት።

• ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ። እስኪነቃ ውኃ አታጠጡት።

• ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

• «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒትን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል።

• ረመዳን ሳይገባ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ሐኪሙን ያማክር። ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊዛወር የሚችል መድኃኒት አለ፤ የማይችልም አለ። ሐኪሙ አትጹም ካለው፣ ለታማሚ የተፈቀደውን ማቅለያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አታስጨንቁት።

ስለ ጓያ፦

• አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ በእንጀራ መብላት ሽባ አያደርግም፤ አትደንግጡ። አደጋው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው።

• ለሽሮ ስታዘጋጁ ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራ ጋር ቀላቅሉት፤ የጓያውን ድርሻ አሳንሱ።

• ፍሬውን አዳር ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ስትቀቅሉም ውኃውን አትጠቀሙበት። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

• የጓያ ቆሎ፣ ንፍሮና እሸት ለልጆች አታብዙ።

• ገጠር ዘመድ ካላችሁ፣ መርዙ ዝቅ ያለ ዋሴ የሚባል የጓያ ዝርያ መኖሩን ንገሯቸውና የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ የዘረዘርናቸው ምክሮች አንዳንዶቹ አንድ ሐኪም ወንበሩን ትቶ በየቤቱ እየዞረ በመጠየቁ የተገኙ ናቸው። ቤታችሁ ድረስ መዝገብ ይዞ የሚመጣ የጤና ተመራማሪ ቢያጋጥማችሁ ማንነቱን ጠይቁ፣ ፈቃዳችሁን ስጡ ወይም ከልክሉ፤ ከፈቀዳችሁ ግን የታመመውን ልጅ አትደብቁት። ያልተቆጠረ ታማሚ መድኃኒት አይበጀትለትም።